ጃንጥላዬ ፊውዳል የተባለ ጊዜ

ፀሐይ ሲመታኝ ራሴን የሚያመኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ በግራ ዓይኔ ጥግ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ይመጣብኛል፤ ከዚያ ግማሽ ጭንቅላቴን ይፈልጠዋል፤ መጨረሻው ማስመለስ ነው። ጅማ ተወልጄ በማደጌ ደመናው ለብዙ ዓመት ጋርዶኝ ኖሯል። መምህርት ሆኜ እዚያው አቅራቢያ ሰርቦ ስመደብም ጥቁር ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ክረምት ከበጋ ከእጄ አይለይም ነበር።

ችግሩ ዘመኑ የሰልፍ ዘመን መሆኑ ነው። ደርግ ሲወለድም ሲያሸንፍም ሲናደድም እኛ እንሰለፋለን፤ ያውም ቀትር ላይ። ለምን ጠዋት አይሆንም ብሎ የደፈረ የለም። አብዮት በጥላ ሥር አይካሄድም መሰለኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀድሞ የቡና ደላላ ነበር። ገበሬውን ሲሸነግልበት በኖረው አንደበት አሁን ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ይሰብከናል። አንድ ቀን ገበያው ሜዳ ላይ ተሰልፈን ጃንጥላዬን ስዘረጋ በድምፅ ማጉያ ጮኸብኝ።

«አንቺ መምህርት! ድሮ ጃንጥላ የሚያስይዘው ማን ነበር? ባላባት! እጠፊው ይህን የፊውዳል ርዝራዥ!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፀሐይ ሲመታኝ ራሴን ያመኛል።»

«ጭቁኑ ገበሬስ ራስ የለውም?»

ሰዉ አጨበጨበ። አጠፍኩት። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም ሲባል ከኢምፔሪያሊዝም ቀድሜ የምወድመው እኔ እንደሆንኩ ታወቀኝ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነርቭ ነው፤ ስታገቢ ይለቅሻል» ብሎ አስፕሪን ሰጠኝ። ደጁ ላይ ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው የተቀመጡ ባለትዳር ሴቶች ነበሩ። እነሱን ምን እንደሚላቸው ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ቤት ያከራዩኝ ከጅማ ሄርማታ ሰፈር የመጡ ሙስሊም እናት ነበሩ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዬ ላይ ያዙልኝና፣ ሊቀመንበሩ ያለውን ስነግራቸው ከንፈራቸውን ጠመም አደረጉ።

«ወላሂ፣ በአባቱ ቤት ጃንጥላ አይቶ አያውቅም፤ ንዴቱ ከዚያ ነው። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ገበሬው ፀሐይ ሲበረታበት ምን ይይዛል?»

«ኮባ ነዋ።»

«በይ እንግዲህ! እስቲ ኮባንም ባላባት ይበለው።»

ከጓሯቸው እንሰት አንድ ሰፊ ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ሰልፍ ኮባዬን ራሴ ላይ ደፍቼ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ አየኝና ወደ መፈክሩ ተመለሰ። ኮባ ጭቁን ነው፤ ምን ይበለው? ይህን ያዩ ሴቶች እነሱም ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ቆይቶ ወንዶቹም። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው የእንሰት ማሳ መሰለ። እኔም ከሰልፍ በእግሬ ወደ ቤቴ መመለስ ቻልኩ።

ከዚያ አንድ ባለሥልጣን ከጅማ መጣ። ጠዋት ይደርሳል ተብሎ ተሰልፈን ስንጠብቀው ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ወረደና ያን ሁሉ ቅጠል ሲያይ ፊቱ በራ። «የሰርቦ ሕዝብ ለምርት ዘመቻው ያለውን ድጋፍ በዚህ መልክ መግለጹ ለሌሎችም አርአያ ነው!» አለ። ሊቀመንበራችን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «በቀበሌው አመራር የታቀደ ነው፣ ጓድ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

በሳምንቱ ትእዛዝ ወጣ፤ ማንም ሰው ያለ ኮባ ሰልፍ እንዳይመጣ። ግን ራስ ላይ መድፋት ክልክል ነው፤ ፊት ይሸፍናል። ቅጠሉ እንደ ጠብመንጃ በሁለት እጅ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይያዛል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚያወጣን ጭንቅላት ፀሐይ ቢመታው ምን ይጎዳበታል?

በዚያ ሰልፍ ኮባዬን ታቅፌ ቆምኩ። ብልጭታው መጣ፤ ፍልጠቱ ተከተለ። መሬት ተቀመጥኩና ቅጠሉን ራሴ ላይ ጣልኩት። ሊቀመንበሩ መድረኩን ትቶ እየተንደረደረ መጣ።

«ተነሺ! ሻጥር ነው ይሄ!»

«አልችልም» ልለው አፌን ስከፍት ቃሉ ሳይሆን ቁርሴ ወጣ። ያረፈውም ሁልጊዜ አስተኩሶ የሚለብሰው ካኪ ሱሪው ላይ ነው። ሆን ብዬ አላደረግኩትም፤ አላዘንኩምም። ሁለት ሴቶች ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ።

ቀበሌው ተሰብስቦ የሰልፍ ሥነ ሥርዓት አበላሽታለች ብሎ ፈረደብኝ። ቅጣቱ ከእንግዲህ ሰልፍ እንዳልወጣ ነበር። ከዚያ መንግሥት ያገኘሁት ጥቅም ይህ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰልፍ ቀን መስኮቴን ዘግቼ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ አድርጌ መተኛት ጀመርኩ። አከራዬ ግን በዚያ ዕድሜያቸው ይሰለፉ ነበር። አንድ ቀን ላብ አጥምቋቸው ተመለሱና ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «እኔ ለዚህ ሰውዬ ሰልፍ ጓሮ ሙሉ እንሰት ገፈፍኩ፤ አንቺ በአንድ ትውከት ተገላገልሽ» አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት፤ የምራቸውን ነበር።