ድንጋይ ተሸክሜ የሄድኩ ዕለት

ኑ፣ ቀረብ በሉኝ ልጆቼ፤ ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር ነው። እስራኤል አገር፣ ክፋር ማርሞሬክ በሚባል ሰፈር ሳለሁ ሰዓድያና ይሕያ የሚባሉ ከየመን፣ ከዓደን አካባቢ የመጡ አይሁድ ሽማግሌዎች ጎረቤቶቼ ነበሩ። እዚያ አገር የሁለቱን አባቶች በየፊናቸው የሚጠብቁ ሁለት የዐረብ ጎሳዎች እርስ በርስ ሲታኮሱ፣ የእንግሊዙ ገዥ ትእዛዝ ከወደቡ አያልፍም ነበር አሉ። ቂሙን ይዘውት መጡ፤ አይነጋገሩም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ተዋደዱ። የልጅቱ እናት "ሁለቱ ካልታረቁ ሠርግ የለም" አለች።

እኛ ጎንደር ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄድ። እኔም ስለ ሰዓድያ ብዬ ድንጋይ በጫንቃዬ አድርጌ ይሕያ በር ቆምኩ። በመስኮት አየኝና በሩን ቆልፎ ጮኸ።

"ሰዓድያ! ድረስልኝ! አሮጊቷ ልትወግረኝ ነው!"

ሰዓድያ በነጠላ ጫማው እየሮጠ መጣ። "አይዞህ ወንድሜ፣ አለሁልህ!"

ልጆቹ ተጋቡ፤ ሁለት ወለዱ። ሽማግሌዎቹም አብረው ይውላሉ። ድንጋዬ እዚያው ቀረ፤ የይሕያ በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይዞታል።