በጩኸት የተነገረ ምስክርነት

ጫማ ሰፊውን መንደሩ «ወስፌ» ይለዋል፤ ቀጭን ነው፣ ምላሱም አንዴ ከጀመረች ሳትበሳ አትመለስም። ካመነ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሊያስጠግን መጥቶ በካልሲው የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ ክርስቶስ ሳይሰማ አልሄደም። ወዴት ይሸሻል? ጫማው ያለው እሱ እጅ!

የቀረው አንድ ሰው ነው፤ በሱቅም በቤትም በግድግዳ የሚዋሰነው ቆርቆሮ ሠሪ። አርባ ዓመት ባልዲ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ተደፍኗል፤ እንዳይጽፍለት ፊደል አልቆጠረም። ለእሱ ሹክ ማለት የለም። ካልጮኹ አይሰማም፤ ከጮኹ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ወስፌም ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። አሁን ግን ሰውየው ደም ማሳል ጀምሯል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ወስፌ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ቆርቆሮ ሠሪው ሱቅ ሄደና ጆሮው ሥር ተጠጋ።

«ወንድሜ! ኢየሱስ ያድናል!»

ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ሳቀች። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ሰማይ ቤት እኮ ደህና ይሰማሉ!»

ቆርቆሮ ሠሪው አልሳቀም። «አንተን ከምን አዳነህ?»

«ከኀጢአት!» አለ ወስፌ፣ ለደንበኞቹ እንደሚለው።

«ከየትኛው?»

የልብስ ስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ወስፌ ዞር ሲል ሴት ልጁ ምሳውን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እንዳይናገር ልጁ አለች፤ ዝም እንዳይል ይህ ሰው እንዲሁ ሊሞት ነው።

«ሚስቴን እደበድባት ነበር!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ቆርቆሮ ሠሪው። «ያን ጊዜ ጆሮዬ ደህና ነበር። እሷ ስትጮህ ላለመስማት ብዬ፣ ሥራ ሳይኖረኝም እቀጠቅጥ ነበር።» ሳለና አፉን ጠረገ። «ይቅር አለችህ?»

«ሳልጠይቃት ሞተች!»

ልጅቷ ምሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ መንገድ ጀመረች። ወስፌ ሊከተላት ሲነሣ ቆርቆሮ ሠሪው እጅጌውን ጨምድዶ ያዘው።

«እኔም አንድ ቀን እንኳ ተነሥቼ በርህን አላንኳኳሁም። የአንተ ጌታ እንደኔ ላለው ምን ይላል? ንገረኝ። ጮክ በል፣ አትፈር።»

ወስፌ ልጁ መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር አያት። ከዚያ ቁጭ አለ። ለደንበኞቹ እንደ ውሃ የሚያወርደው ጥቅስ ሁሉ ጠፍቶበት፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀመ መጮህ ጀመረ።