መኪናው ወፍጮ ቤት የተሰለፈ ቀን

የኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣል አያዋጣም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊቴን አዞራለሁ። ደክሞኛል።

እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ደብረ ብርሃን ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። የመጀመሪያው ቀጠሮ አምልጧታል። አውቶቡስ ላይ ስትሄድ ያስመልሳታል፤ ገና መንገድ ላይ፣ ሞላሌ ስንደርስ "አውርጂኝ" ብትለኝ አዝኜ አውርጄያት ተመለስን። ይኼኛውም ካለፈ መቼ እንደሚጠሯት የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ "በአዲሱ መኪናዬ አደርሳታለሁ። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ተኝታ ትሄዳለች" አለ። አመንነው።

በቀጠሮው ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ እኛ ያለንበት መሐል ሜዳ ገባ። እናቴ መኪናውን በእጇ ዳበሰችና "ቀለሙ ምንድን ነው?" አለች። እኔ ግን ያየሁት ባትሪውን ነው። አሥራ አራት ፐርሰንት።

"ደብረ ብርሃን ላይ ለምን አልሞላህም?"

"ሳሰላው ይበቃ ነበር እኮ።"

"በቦሌ መንገድ አስልተኸው ነዋ!"

ከጣርማ በር ወዲህ ብርዱና ዳገቱ በልተውታል። እጁን ያነሳውን ሁሉ ደግሞ ጭኗል፤ አራት ሰው ከነጓዛቸው፣ አንድ በግም አለበት። የመንዝ ልጅ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ማለፍ አያውቅበትም።

ቤት ሶኬት ላይ ሰካነው። አምፖሉ ደበዘዘ፣ ብሬከሩ ወረደ። ሦስቴ እንዲሁ ሆነ። በሰፈራችን ጠንካራ መስመር ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ሄድን።

ወፍጮ ቤት ተራ አለ። ባለቤቱ ባይኖር እንኳ ጆንያው ይሰለፋል። ያለ ተራ የሚፈጨው ለቅሶ ወይም አራስ ያለበት ቤት ብቻ ነው። መኪናችንን ከሰባት ጆንያ ኋላ አቆምን።

"ይኼ ደግሞ ምን ሊያስፈጭ መጣ?" አለች አንዷ።

"ጌታው፣ ገብስ ነው ባቄላ?" አለች ሌላዋ። ሳቁ። ወንድሜም ሊስቅ ሞከረ፤ አላማረበትም።

መስመሩ ሁለቱን አንድ ላይ ስለማይችል መኪናው እንዲሞላ ወፍጮው መቆም አለበት። ባለ ወፍጮው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ተራ የሚለቀቀው ለለቅሶና ለአራስ ነው። ለመኪና ሲለቀቅ አልሰማሁም።"

"ለመኪና አይደለም አባባ! ለእናቴ ዓይን ነው!" ጮህኩባቸው፤ ነውር ነበር።

ተረኛዋ የባሏን ሙት ዓመት ልታወጣ ሦስት ቀን የቀራት ሴት ናት። ጆንያዋን ጎትታ ከበሩ ዞር አደረገችው።

"በሉ ስኩት። ዓይን ይበልጣል።"

የቀሩት ስድስቱም ተከተሏት።

ባትሪው ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እስኪመሽ ጠበቅን። መኪናው አልሞላ፣ ገብሱ አልተፈጨ። ማንም ክፉ አልተናገረንም። ቢሰድቡን ይቀለኝ ነበር።

ሲነጋጋ ሎሚና ፌስታል ይዤ እናቴን አውቶቡስ አሳፈርኳት። ወንድሜ አብሮን ሊሳፈር ሲል ከለከለችው። "አንተ ቅር። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የዚያችን ሴት ገብስ አስፈጭተህ ቤቷ አድርስላት።"

ሞላሌ ስንደርስ ያው ጀመራት። "አውርጂኝ ልጄ፣ አልችልም።"

"ሰባት ሴቶች ተራ ለቀውልሻል፤ አትወርጂም" አልኳት። እስከ ደብረ ብርሃን አኮረፈችኝ። እኔም ለማባበል አቅም አልነበረኝም። ብቻ ለቀጠሮዋ ደረስን።

ቀዶ ጥገናው ተደርጎላት በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ወንድሜ መናኸሪያ ጠበቀን። ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። የመኪናውን በር ከፈትኩላት። እናቴ ከመግባቷ በፊት ቆም አለችና ጥቁሩን ወንበር አየች።

"ምን ዱቄት ነው ይኼ ሁሉ?"

ወንድሜና እኔ ተያየን። ዱቄት እንዳለ ማንም አልነገራትም ነበር።

"የሴቲቱን አደረስክላት?"

"የሰባቱንም።"

"ደግ" አለችና ዱቄቱን ሳታራግፍ ተቀመጠችበት።