«የዓይን ሐኪም የለም» ላሉን

በደሉን አስቀድሜ ልጻፍ። ሆዱን የታመመ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ «ግባ» ይባላል። እኛ ዓይናችንን ስንል ግን ከአማኑኤል ከተማችን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ ሄደን «የዓይን ሐኪም የለም» ተብለን እንመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ቢሆን ዝም ባልሁ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣም መልሱ ያው ነበር። ዓይን ምን የእንጀራ ልጅ ቢሆን ነው?

የኔ በሽታ ባገራችን ብዙ ሴት የያዘ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቀዋል። መድኃኒታችን ወረንጦ ነበር። ከማተቤ ጋር አንጠልጥየው እዞራለሁ፤ ሲቆረቁረኝ ጎረቤቴ ትነቅልልኛለች፣ እኔም ለእሷ። እንዲያም ሆኖ ግራ ዓይኔ ጠፋ። ቀኙም ጭጋግ ሲጀምረው ፈራሁ።

ከዚያ አንድ ክረምት ሲወጣ ወሬ መጣ። የዓይን ሕክምናን የሚመርጥ ሐኪም ስለጠፋ፣ ወጣት ሐኪሞች እንዲወዱት እዚያው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስልጠና ሊሰጣቸው ነው፤ ታማሚም ይምጣ ተባለ። ቀሚሴን አጠብሁ። ጎረቤቴን ጠርቼም ሽፋሽፍቴን አንድ ሳይቀር አስነቀልሁ። ዓይናሬ እየተንጠባጠበ ሰው ፊት ልቅረብ እንዴ?

አንድ ጎረምሳ ሐኪም ባትሪ አበራብኝ።

«እማማ፣ የሚወጋዎት ፀጉር የለም። ደህና ነዎት፣ ይሂዱ።»

«ደህና ብሆን ምን ላደርግ መጣሁ? ልጄን ልድርልህ?»

ጓደኞቹ ሳቁበት። አስተማሪያቸው፣ ጠና ያለች ሐኪም፣ ሳቁን ሰምታ መጣች። አንገቴ ላይ ያለውን ወረንጦ አየችው።

«እማማ፣ መቼ ነቀሉት?»

«ትናንት ነው። እናንተ ፊት ንጹሕ ልሁን ብዬ።»

ወደ ልጁ ዞረች። «እዚህ አገር ሰው ሐኪም ፊት ተጣጥቦ ነው የሚቀርበው፤ በሽታውንም አብሮ ያጥበዋል። የዓይናቸውን ቆብ ገልብጠህ እይ።»

ገልብጦ በሽታው የተወውን ጠባሳ ሲያየው ፊቱ ቀላ።

«ይቅርታ እማማ።»

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ዓይኔን።»

እሷ አጠገቡ ቆማ እያሳየችው ቀኝ ዓይኔን እሱ ሠራው። የተቀደድሁት እኔ፣ ያላበው እሱ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ የማይቆረቁር ዓይን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አወቅሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እሱንም እሷንም፣ ያንን ስልጠና ያሰበውንም። መርቄ አልጠግብም።

ብመርቀውም ዝም ብዬ አልወጣሁም።

«ልጄ፣ ነገ ትሄዳላችሁ። ውጭ የተቀመጡት ሴቶች ተመልሰው ሲመጡ ማን አለላቸው?»

«እኔ እንኳ ሌላ ሕክምና ለመማር ነበር ያሰብሁት፣ እማማ።»

«ሐሳብህን አልጠየቅሁህም። ማን አለላቸው?»

በጣቴ ወደ በሩ አሳየሁት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ብዙ ዓመት አለፈ። የጎረቤቴ ዓይን ሲብስባት ይዣት ወደዚያው ሆስፒታል ሄድሁ። «የለም» ቢሉኝ የምናገረውን መንገድ ሙሉ ሳሰናዳ ነበር የደረስሁት። በሩ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘበኛውን ስጠይቅ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከውስጥ ወጣ። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ያ ልጅ ነው። እጄን ይዞ ሳመኝ።

«እኔ አለሁ፣ እማማ። የዓይን ሕክምና ተምሬ መጣሁ። ይግቡ።»