ፊደሉን እነሱ፣ ቃሉን እሷ

ወደ ዶዮገና የተቀየርኩት ልጄ አምስተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ ወላጆቼ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከዶዮገና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ድንችና እንሰት የሚበቅልበት ዳገት ላይ ነው። ባለቤቴ ሱቁን ትቶ መምጣት ስላልቻለ ሆሳዕና ቀረ። ቅዳሜ ይመጣል፣ እሁድ ከሰዓት ይመለሳል።

ልጃችንን ከግል ትምህርት ቤት አውጥተን የገጠር የመንግሥት ትምህርት ቤት ስናስገባት እናቴ፣ «ልጅቷን ልታበላሹዋት ነው» ብላ ስልክ ዘጋችብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ አልረጋም ነበር። ጥቂት በጭቃ የተመረጉ ክፍሎች ናቸው። መስኮቶቹ መስታወት ስለሌላቸው ጉም ሲወርድ ልጆቹ መሃል ይገባል። ዳይሬክተሩ ግን ሊመዘግባት ሲል ወረቀቷን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ፣ «ምን መጫወት ትወጃለሽ?» አላት።

«ገመድ መዝለል።»

«ክፍልሽ ውስጥ ገመድ ያላት ልጅ አለች» አለና እዚያው አስጠራላት፤ ልጄ እጄን ለቃ ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት የአማርኛ መምህሯ ጤና ጣቢያ መጡ። ሸበት ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ከበሽተኞች ጋር ተራ ይዘው ተቀምጠው አየሁና ደነገጥኩ።

«መምህር፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ሲስተር። ስለ ልጅዎ ነው።» ወደ ደጅ ወጣን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማንበብ አትችልም» አሉኝ።

«እንዴት አትችልም? ትናንት እንኳን ከመጽሐፏ ስታነብልኝ ነበር እኮ!»

አልተከራከሩኝም። «ነገ ከትምህርት በኋላ ብቅ ብለው ቢያዩስ?» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሦስታችን ተቀመጥን። መጽሐፉን ገልጠው «አንብቢ» አሏት። አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ተወጣችው። እኔ ኮራ ብዬ አየኋቸው። «ጎበዝ። አሁን ደግሞ ከመጨረሻው መስመር ጀምሪ» አሏት። ጣቷ መስመሩ ላይ ቆመ። ከዚያ እንባዋ ይንጠባጠብ ጀመር።

ሆሳዕና የነበረችበት ክፍል ልጅ የታጨቀበት ነበር። አስተማሪ ያነባል፣ ልጆቹ በኅብረት ይደግማሉ። ልጄ ጆሮዋ ስል ስለሆነ የሰማችውን ሁሉ ይዛ ቤት ትመጣና ጣቷን እያስኬደች ትወርደዋለች። ፊደሉ ግን ከካዕብ ካለፈ ይደባለቅባታል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል ማን ያውቅባታል?

መምህሩ መሐረባቸውን ሰጧትና፣ «ይህን ሁሉ በጆሮው የያዘ ሰው ፊደል ያቅተዋል ብለሽ ነው?» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው።

በዚያ አካባቢ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በከምባትኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል የሚቆጥሩት ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት መምህሩ፣ ዳይሬክተሩና የሦስተኛ ክፍል መምህርት ባሕር ዛፍ ሥር ቆመው ሲመክሩ እኔም ነበርኩ።

«እኔ ጋ ትምጣ» አለች መምህርቷ፣ ገና ወጣት ናት። «የኔ ልጆች ፊደሉን ለይተዋል፤ ቃሉን ነው የማያውቁት። ‹ቁልቁለት› ብለው አጥርተው ያነቡና ምን ማለት ነው ይሉኛል። እሷ ደግሞ ቃሉን ታውቃለች።»

ዳይሬክተሩ አማርኛን ከሦስተኛዎቹ ጋር እንድትማር የሁለቱን ክፍሎች ክፍለ ጊዜ አቀያየረ፣ አለቀ። ማመልከቻ የለ፣ ኮሚቴ የለ። ደወሉ ሳይደወል ነገሩ ተቋጨ።

ልጄ ግን «ከሕፃናት ጋር አልቀመጥም!» ብላ አኮረፈች። የመጀመሪያውን ቀን ምሳዋን ሳትነካ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን አጠገቧ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ «ጉም» የሚለውን አነበበችና ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጄ በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየቻት። ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ የጉምን ስም በከምባትኛ ነገራት። ከዚያ ወዲያ ማኩረፉ ቀረ። ትንሿ ልጅ ፊደል ስታርማት «አንተ ተሳሳትክ!» ትላታለች፤ አማርኛዋ አንተንና አንቺን ገና አልለየም። ልጄ ቤት ስትገባ፣ «እማ፣ ዛሬም አንተ አለችኝ!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት ጤና ጣቢያ መጥታ እኔን ትጠብቅ ነበር። ሕፃን የታቀፈች እናት ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ፖስተር ቆማ ታያለች። ልጄ ከጎኗ ቆመችና ማንበብ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ እየተደናቀፈች፣ እየተመለሰች። ፖስተሩን ለልጄ አንድም ቀን ማንም አንብቦላት አያውቅም። በመደናቀፏ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ እያነበበች ነበርና። ስትጨርስ ያነበበችውን ለሴትየዋ በከምባትኛ ነገረቻት። ሴትየዋ ጉንጯን ሳመቻት። መርፌውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ባለፈው ዓመት ወደ ሆሳዕና የመመለስ ዕድል አገኘሁ። ቅዳሜ ምሳ ላይ ባለቤቴ ልጃችንን፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ስምንተኛን እዚህ ልጨርስ» አለች።

አያቷ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል አሰብኩ። ባለቤቴ ግን፣ «እንግዲያው እኔ ገበያው ጋ የሚከራይ ሱቅ ልጠይቅ» አለ፤ በሚቀጥለው ወር እሱም መጣ።

አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ቤተ ሙከራ የለውም፣ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ይጋራሉ። እሷም በደረጃ ከፊት ካሉት አይደለችም፤ ሒሳብ ያስቸግራታል። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህሯ ገበያ መሃል አገኘኝና ድንች እየመረጠ፣ ክፍልፋይ ላይ የት ቦታ እንደምትሳሳት ነገረኝ።

«ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ትቆይልኝ» አለኝ፣ «ትይዘዋለች።»

«እሺ መምህር» አልኩት። እኔም እንደምትይዘው አልተጠራጠርኩም።