ያልተነገራት መርዶ

«አባቴ ነው» ብላ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው፣ ፎቶ የተለጠፈበት መስሎኝ ዙሪያውን አየሁት። ፎቶ የለበትም። በሻርፕ ተጠቅልሎ የመጣ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር የሚይዝ የሚያህል የእንጨት ሳጥን ነው። ምኑ ላይ ነው አባትሽ ብዬ ልጠይቃት ስል፣ ውስጡ ነው አለችኝ። አባቷ ሞተው፣ በአገራቸው ልማድ ተቃጥለው፣ አመዳቸውን ይዛልን መጥታለች።

እኔ ደባርቅ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። አባት የሚለውንም አመድ የሚለውንም ቃል ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። ለምሳ ያቀረብኩት ዳቦ ከሳጥኑ አጠገብ ነበርና ብድግ አድርጌ አነሣሁት። ወዲያው ደግሞ ማንሣቴ ነውር መሰለኝና መልሼ አስቀመጥኩት። እሷ ቆርሳ በላች።

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። እኛ ደባርቅ ላይ አንድ የበጎ ፈቃድ ክበብ አለን፤ መምህር፣ ነርስ፣ ልብስ ሰፊ፣ ከፓርኩ ጥበቃ በጡረታ የወጡ ስካውት፣ እንዲህ እንዲህ ያልን ሰዎች ነን። ባሕር ማዶ ደግሞ እህት ክበብ አለን፤ አባላቱ አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። አብረን ሆነን ዳባት አጠገብ ላለ ትምህርት ቤት የሴት ልጆች መጸዳጃ ሠርተናል፤ ለሕሙማን አንሶላና ብርድ ልብስ አድለናል፤ ችግኝ ተክለን ፍየል አብልተናል። ከሁሉ የምንኮራበት ግን ወደ ዳባት ሲወርዱ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ከሚኬድበት አንድ መንደር ያጎለበትነው ምንጭ ነው።

የዚህች ልጅ አባት (ልጅ ልበላት እንጂ ከአርባ ያለፈች ሴት ናት) ከእህት ክበቡ እየመጡ ከሚጎበኙን አንዱ ሲሆኑ፣ በአገራቸው የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ሌሎቹ እንግዶች ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያዩ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ሲወጡ፣ እሳቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። ጦርነቱ በእኛ በኩል ካለፈ ወዲህ የእንግዶቹ መምጣት ቀረ፤ ሽማግሌው ግን ስልክ ጀመሩ። የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ይደውላሉ። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ ሰብሳቢው እንግሊዝኛ አያውቅ። «ውሃ?» ይላሉ። «አለ» ይላቸዋል። ይስቁና ይዘጋሉ። ጨዋታቸው ይኸው ነበር፤ መንደሩም እየሰማ ይስቅ ነበር።

ልጅቱ የመጣችው ኑዛዜ ልትፈጽም ነው። አባቷ አመዳቸው ምንጩ ላይ እንዲበተን ተናዘዋል። ምንጩ ላይ! መንደሩ በሙሉ በጀሪካን እየቀዳ የሚጠጣው ምንጭ ላይ። ሥራ ስላለባት በሳምንቱ መጨረሻ ተመላሽ ናት። ካልሆነ ሳጥኑን ይዛ ትመለሳለች፤ እስክትመጣ ድረስም ቤቷ ውስጥ መደርደሪያ ላይ፣ ከመጻሕፍቷ ጎን ተቀምጦ ነው የቆየው። ይህን ስትነግረኝ አሳዘነችኝም፣ ተናደድኩም። አባት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንዴ?

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የክበቡን ሰዎች ሰበሰብኩ። ልብስ ሰፊያችን አማተበች። ስካውቱ የሰውየው ቤት እንዴት እንደተቃጠለ ጠየቁኝ። ቤቱ አይደለም፣ ከሞቱ በኋላ ነው የተቃጠሉት አልኳቸው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው እንዲህ የሚያደርግ ጠላት ከየት መጣበት ብለው አዘኑ። በገዛ ፈቃዳቸው ነው ስላቸው አላመኑኝም፤ እንግሊዝኛዬን የተጠራጠሩ ይመስለኛል። ነርሷ ደግሞ ለመንደሩ ምንም ሳንነግር ከሳንቃ በር ገደል አፋፍ ላይ እንበትነውና ፎቶ አንሥተን እንስጣት አለች። ሞኝሽን ፈልጊ አልኳት። በሙት ኑዛዜ ላይ ማታለል ደግሞ መቼ ተጀመረ?

በማግስቱ ጠዋት ስካውቱ፣ ልጅቱና እኔ ሚኒባስ ያዝን። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ልጫነው ቢል ጮኼ ከለከልኩት። እናቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። አዎ እንቁላል ነው አልኩት።

መንደሩ ስንደርስ መጀመሪያ የነገርነው ለውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ከደወሉለት ወራት አልፈው ነበርና፣ ልጅቱን ሲያይ ደስ ብሎት ስለ አባቷ ጠየቀ። መሞታቸውን ስነግረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ኔትወርኩን ስረግም!» አለ። አመድ መሆናቸውን ስነግረው ግን ተነሣ። ሳጥኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ሄዶ የደብሩን ቄስ ጠራ።

ቄሱ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሁሉንም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኳቸው። መንደርተኛው እየተሰበሰበ ነበር፤ ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን እየጠየቀ ወሬው ሲዛመት፣ አንዲት ሴት የሞላ ጀሪካኗን ስትደፋ አየሁ። ገና ምንም አልተበተነም እኮ! ቄሱ ይህንን አዩና እጃቸውን አነሡ።

«ፍትሐት አላደርግላቸውም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም አይገቡም» አሉ። «በእሳት መሆኑንም አልወደድሁት። ግን አይበተኑም። የሚበተን ዘር ነው፤ ሰው ይቀበራል። መሬት ደግሞ ማንንም አልመለሰች።»

ከምንጩ ማዶ፣ ከውሃው በታች በኩል ያለውን ወይራ አሳዩን። ተረጎምኩላት። ልጅቱ ወይራውን አይታ፣ ከዚያ ውሃው ይታያል ወይ ብላ ጠየቀች። ይታያል። እንግዲያው አባቴ ይስማማል አለች። እፎይ አልኩ። ጉዳዩ አለቀ፣ በማግስቱ ቀብረን ከሰዓት በኋላ ደባርቅ እንገባለን ብዬ አሰብኩ።

አላለቀም። የሰብሳቢው እናት መጡ። በዚያ መንደር ለቅሶ የሚመሩ ባልቴት ናቸው፤ በክፉው ጊዜ የራሳቸውን ልጅም ቀብረዋል። ልጅቱን ፊቷን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እችን ልጅ ማን አረዳት?»

ጠየቅኳት። ሥራ ላይ ሳለሁ ከሆስፒታል ተደወለልኝ አለች። ደረጃው ላይ ወጥታ ቆማ ሰማች፤ አመሰገነች፤ ምን መፈጸም እንዳለባት ጠየቀች፤ ተመልሳ ገብታ የዕለቱን ሥራዋን ጨረሰች። ማን አብሯት አለቀሰ? ማንም። አባቷ ሰው አታስቸግሪ፣ ሥነ ሥርዓት አልፈልግም ብለዋት ነበር። ወዳጆቿ መልእክት ልከውላታል፤ መሥሪያ ቤቷ አበባ ሰጥቷታል። አንቺስ አላለቀስሽም? «ጊዜ አላገኘሁም» አለችና ፈገግ አለች፤ እኛን ላለማሳዘን ይመስለኛል።

ይህን ስተረጉም ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። አመዱን ሲሰሙ እንኳ እንዲህ አልደነገጡም። እኔም እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ጎረቤት የላትም ወይ፣ እህትስ፣ በአገሯ ቄስ የለም ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ባልቴቷ ብቻ አልጠየቁኝም። እንግዲያስ ይህች ልጅ መርዶ አልተረዳችም፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን፣ ከዚያ ይቀበራል አሉ። ነጋሪዋም አንቺ ነሽ፣ ቋንቋዋን የያዝሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።

ቱግ አልኩ። አባቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ባሕር ያሻገረችን ሴት አባትሽ ሞቷል ልላት ነው? ትስቅብናለች፤ ያበድን ይመስላታል። ሴትየዋ ታላቄ ናቸውና ድምፄን ልቀንስ ሞከርኩ እንጂ ከአፌ አላስቀረሁትም። «እማማ፣ ለቀባሪ አረዱት ማለት እኮ ይኼ ነው» አልኳቸው።

«መች ቀበረችና?» አሉኝ።

ወደ ቄሱ ዞርኩ፤ ቄሱ ይሁን አሉ። ወደ ስካውቱ ዞርኩ። እሳቸው ደግሞ ክበባችን ስንት ዓመት ሲቀበል እንደኖረ፣ ማዶ ላሉት ግን አንድ ነገር አድርገን እንደማናውቅ አነሡ። የእኛም ፕሮጀክት ይኸው ይሁን አሉ፤ እየቀለዱ አልነበረም።

መርዶ የሚነገረው ሰው ሳያውቅ በልቶ እንዲያድር ይደረጋል። ልጅቱንም እንደዚያው አደረጓት። የገብስ እንጀራ በሽሮ እየጠቀለሉ አጎረሷት፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች። ደስ ብሏት በላች፤ ሰው አጉርሷት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ምን እንደሚጠብቃት ልነግራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ባልቴቷ አዩኝና ዘጋሁት። ሳጥኑን ራስጌዋ አድርጋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ አልተኛሁም። በልቤ ባልቴቷን ስከራከር፣ ስረታ፣ እንደገና ስረታቸው አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው በአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ያ ሁሉ ሰው ድምፅ የለውም፤ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከእነሱ መካከል ሽማግሌውን ያላየ የለም፤ ጀሪካን የደፋችው ሴትም ቆማለች። ልጅቱን ቀሰቀስኳት። ብርድ ልብሱን ደርባ ከበሩ ብቅ ስትል ያን ሁሉ ሰው አየችና ክው አለች።

«ምን ሆነ?» አለችኝ። «ማን ሞተ?»

እንዲህ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባልቴቷ መጥተው ሁለቱን እጆቿን ያዙና እኔን አዩኝ። መላው ግቢ እኔን ያያል። ሳስተምር የኖርኩት ቋንቋ ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም።

«አባትሽ ሞቱ» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ቀልድ እንደተነገረው ሰው አየችኝ። ከዚያ ሴቶቹን አየች፤ ወንዶቹን አየች። አንድ ነገር ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ባልቴቷ ደግፈው ባይይዟት ወድቃ ነበር። ያን ጊዜ ግቢው በአንድ ላይ ጮኸ። በየፊናው የራሱን ሙት ያለቀሰም እንደነበረ አውቃለሁ፤ በእኛ አካባቢ በነዚህ ዓመታት ሐዘን ያልገባበት ቤት የት አለ? የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ሽማግሌውን ነው ያለቀሰው፤ ስማቸውን እየጠራ፣ በደንብ ሳያስተካክለው።

ልጅቱ ነጠላዬን ይዛ ሳበችኝ። «ደግመሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። እንደገና አለችኝ፤ እንደገና ነገርኳት። እየነገርኳት እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ አሁንም ደግመሽ ስትለኝ ድምፄ እምቢ አለ። ባልቴቷ ተቀበሉኝ። ጉንጯን በመዳፋቸው ይዘው፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው «አባትሽ ሞተ፣ ልጄ» አሏት። «አባታችን ሞተ።»

አማርኛ አታውቅም። ግን በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሕፃን አባቷን በምትጠራበት ቃል አባቷን ጠራች፤ ጮኸችም። እኛም አብረናት ጮኽን። ስትጨርስ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ቀበርናቸው።