ከወንበር ሲወድቅ ያያችሁት ሰው አለ?

አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ስለነበረች አባቷ "ለምኔ" ብለው ስም አወጡላት። አውቶቡስ ለምን ያጓራል? ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? ጎረቤታችን ለምን እያፏጨ ይታጠባል? ዘመድ አዝማድ "ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች፣ ወይ ባል ታጣለች" ይል ነበር። ዳኛ አልሆነችም። ባልን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ሰዎች ለትዳር ጠይቀዋት ነበር፤ እሷም መልሳ ስትጠይቃቸው በዚያው ቀሩ።

ዛሬ ስትጠይቅ ደመወዝ የሚከፈላት ሴት ናት። የምትሠራበት ቢሮ ገበያ ላይ የሚሸጡ የቤት ዕቃዎች ሰው እንዳይጎዱ ይቆጣጠራል። የእሷ ድርሻ በቢሮው ድረ ገጽ ላይ ጥያቄ ማውጣት፣ ሕዝቡ የጻፈውን አስተያየት ማንበብና የረባውን ለይታ ለኃላፊዋ ማቅረብ ነው። የውሃ ማፍያው እጀታ ያቃጥላል የሚል አለ። የሕፃን አልጋው ብሎን ወለቀ የሚል አለ። ስለ ምጣድ ሲጠየቅ ስለ አከራዩ የሚያማርር፣ ቢሮውን መርቆ የሚሰናበት፣ አልፎ አልፎም "ይህን ጥያቄ ያወጣችው ልጅ አግብታለች?" የሚል አይጠፋም። ለምኔ ሁሉንም ታነባለች። አንድ ሰው ጊዜውን ሰውቶ ከጻፈ የሚያነብለት ሰው ይገባዋል ብላ ታምናለች፤ ሥራዋንም ትወደዋለች። ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ፊቷ ላይ የሚነበበው ደስታ የሥራ ባልደረቦቿን ትንሽ ያናድዳል።

ሐሳብ የሆነባት የቤቷ ጉዳይ ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው ቀደም ቀደም የሚል፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ስለሆኑ ሰፈሩ "ዋርካው" ይላቸዋል። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ አብረው ይኖራሉ። ዋርካው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ረፋዱን የሚያሳልፉት ከፀጉር አስተካካዩ በረንዳ ላይ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከወጣትነት ጀምሮ የማይለያቸው ወዳጃቸው፣ እንደ ማበጠሪያው የቀጠነ ሰው ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ሁለቱ ዳማ ይጫወታሉ፤ ደንበኛ ሲመጣም ይጫወታሉ፣ ደንበኛው ይጠብቃል።

ታዲያ የጎረቤት ልጅ በተመረቀች ቀን ግቢው ከየቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ሞላ። ዋርካው ሳህናቸውን ይዘው እጀታ ባለው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ ጨዋታ ጀምረው ገና ወገቡ ላይ ሳይደርሱ የወንበሩ እግር ከዳቸው፤ ከነሳህናቸው መሬት ላይ ተዘረጉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱም "ዋርካው ተገነደሰ!" ብሎ ጮኸ። እሳቸውም ሳቁ። "ምንም አልሆንኩም! ምንም! ለወንበሯ እዘኑላት!" እያሉ ከሸሚዛቸው ላይ ሰላጣውን አራገፉ። እንደተባለውም አንድም ቦታ አልተጫሩም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ፊት መቀመጥ ተዉ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ መሄዱም ቀረ። ቤት ውስጥ እንኳ ከአልጋቸው ጠርዝ በስተቀር የትም አይቀመጡም፤ ራታቸውን የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ተደግፈው ቆመው ይበላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ተቀምጠው የሠሩ ሰው በጡረታቸው ቆመው ቀሩ።

"አባባ፣ ለምን አትቀመጥም?"

"ጉልበቴን ይይዘኛል። ሐኪሙም መቆም ጥሩ ነው ብሏል።"

"የትኛው ሐኪም?"

"ሬዲዮ ላይ ያለው።"

ለምኔ ነገሩ የጉልበት እንዳልሆነ ታውቃለች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አባቷን ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ ምሳር ያነሱባቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሰውነታቸውን እንደ ነውር መሸከም ጀምረዋል። ያ ሳቃቸው ከቤቱ ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ እሷም ሳቁ በጣም ናፍቋታል።

በዚህ መሃል አንዲት አስተማሪ ለቢሮው ጻፈች፤ እንዲሁ ያለ ነጭ ወንበር ከሥሯ ተሰብሮባታል። ኃላፊዋ ጉዳዩን ለለምኔ ሰጠቻት። ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ግን ቀና ሴት ናት።

"የላቦራቶሪውን ወረፋ ታውቂዋለሽ" አለቻት። "የአንድ ሰው መውደቅ ብለን ብንሄድ ይስቁብናል። የብዙ ሰው ችግር መሆኑን አሳዪኝና ወንበሩ ይፈተሻል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ግን እንዘጋዋለን።"

ለምኔ ነገሩን ከኃላፊዋ ይበልጥ ፈልጋዋለች። ወንበሩ ጥፋተኛ ከሆነ አባቷ ነፃ ይወጣሉ። በዚያው ቀን "ከፕላስቲክ ወንበር ወድቀው ያውቃሉ?" ብላ ጥያቄውን አወጣች።

መልሱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሆነ። "ወድቄ አላውቅም። አንዴ ብቻ፤ እሱም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወደ ኋላ ተደግፌ ነበር።" "ወንበሩ ምን ያድርግ፣ የወፈርኩት እኔ ነኝ።" "ተመስገን ተርፌያለሁ፣ በማንም ላይ ክፉ አልናገርም።" "ይህ ደግሞ ጥያቄ ነው?" ሰው ሁሉ ገመናውን ሸፋፍኖ ወንበሩን ይቅር ብሎታል። ለምኔ እያነበበች "እናንተም እንደ አባቴ!" አለች፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ኖሮ የጎኗ ሠራተኛ ዞር ብላ አየቻት።

አንድ ምሽት ራት ላይ ዋርካው እንደ ልማዳቸው መደርደሪያውን ተደግፈው ሲበሉ ድንገት ፈገግ አሉ።

"ዛሬ የድሮ ረዳቴን አገኘሁት" አሉ። ረዳታቸው ለዓመታት አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ቲኬት የቆረጠ ሰው ነው። "ካፌ በር ላይ ተቀምጦ ሂሳብ ሊጠይቅ እጁን ሲያነሳ፣ ወንበሯ የኋላ እግሯን ቀስ... ቀስ... ቀስ አድርጋ ወደ ውጪ ዘረጋቻት! እሱ ደግሞ እጁን እንዳነሳ ወረደ። አስተናጋጁ መጥቶ 'ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?' አይለውም!" ሹካቸውን እንደ ወንበር እግር እያንሸራተቱ አሳዩ። "እግሯ ከመቀመጫው ጋር በምትገናኝበት ላይ ነው ተቆርጣ የሄደችው። አቤት አወዳደቅ!"

ለምኔ ከትከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ "አባባ፣ ረዳትህ እኮ ቀጭን ነው" አለች።

ዋርካው ሹካቸውን አስቀመጡ። "የሱ ሌላ ነው" አሉና ሳህናቸውን ማጠብ ጀመሩ።

ለምኔ ግን የፈለገችውን አግኝታለች። ስለራሱ ሲጠየቅ የሚዘጋ አፍ፣ ስለ ሰው ሲሆን ቁልፉ ከነ በሩ ይነቀላል። በማግስቱ የድሮውን ጥያቄ አንስታ በቦታው "ከፕላስቲክ ወንበር ሲወድቅ ያያችሁት ሰው አለ? እስቲ እንዴት እንደነበር ንገሩን" የሚል አዘጋጀች።

ኃላፊዋ አንብባ ቅንድቧን ሰቀለች። "ይሄ ሐሜት አይሆንም?"

"ሐሜት ነው" አለች ለምኔ። "ግን ስም አይጻፍበትም፤ ማን እንደጻፈው ለማንም አንናገርም፣ ጽሑፉ ብቻ ከውጤቱ ጋር ለሁሉም እንደሚወጣ ድረ ገጹ ላይ እጽፋለሁ። ወሬ የሚያወራ ሰው ደግሞ አንድም ነገር አያስቀርም። የትኛው እግር እንደተሰበረ እንኳ ይነግርዎታል፣ ያዩታል።"

እውነትም ጎርፉ መጣ። "አማቴ ስለ እኔ ሙያ ማነስ እየተናገሩ ሳሉ ወደቁ። ፈራጅ አለ። የተሰበረው የኋላው እግር ነው።" "ርዕሰ መምህራችን ስለ ሥርዓት ሲመክሩን ከወንበሩ ጋር አብረው ሸርተት አሉ። ወንበሩ ክረምት ከበጋ ውጪ የሚያድር ነበር።" "እህቴ የወደቀችው ወንበሩ ትልቅ ነው፣ ይችልሻል ብዬ ሳስቀምጣት ነው። እስከ ዛሬ አታናግረኝም።" "ባሌ ወድቋል። አልወደቅኩም ይላችኋል፤ አትመኑት።" ቢሮው ቀኑን ሙሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ ኃላፊዋም እያነበበች እንባዋን ስትጠርግ መነጽሯ የት እንዳለ ለአንድ ቀን አስታወሰች። ከሳቁ ሥር ግን አንድ ነገር እየተደጋገመ መጣ። የወደቀው ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ የሚከዳው የኋላው እግር ነው፤ የሚሰበረው ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው፤ ወንበሩም ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ላቦራቶሪው ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት አልቻለም።

የወሩ መጨረሻ አካባቢ፣ ለምኔ እንደ ሌላው ቀን እየሳቀች ስታነብ አንድ አስተያየት ላይ ደረሰች።

"እኔ ያየሁት ሰው ጓደኛዬ ነው። ምርቃት ላይ ነው። ወንበሩን ለግቢው ያዋስኩት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ስወለውለው እግሩ ሥር ስንጥቅ አይቼ ነበር፤ እስከ ማታ አያቅተውም ብዬ ዝም አልኩ። ሲወድቅ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊቴን እንዳያየው ብዬ ነው። 'ዛፉ ተገነደሰ' ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ ክብደቱ መስሎታል። ከዚያ ወዲህ መጥቶ አያውቅም። ዳማውን በየጠዋቱ እደረድራለሁ፤ ማንም ቦታው ላይ እንዲቀመጥ አልፈቅድም። ሄጄ ልንገረው እልና በሩ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ። እናንተ ይህን ለሰው ሁሉ እንደምታሳዩት ጽፋችኋል። እንግዲህ አሳዩት።"

ዳማው ላይ ስትደርስ ለምኔ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አወቀች። ያን ዕለት ማታ ነገሩ ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ለማንም አልነግርም ብላ በድረ ገጹ ላይ ቃል የገባችው እሷ ናት፤ ቃሏን ለአባቷ ብላ ብታፈርስ ነገ ማን ያምናታል? አስተያየቶቹ ሁሉ ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር አንድ ላይ እስኪወጡ መጠበቅ ነበረባት። ጥያቄ ለማያልቅባት ሴት መልሱን ይዞ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ አየችው።

ውጤቱ ወጣ። ማሽኑ ፀሐይ ላይ የከረመውን ወንበር ሲጫነው ወንበሩ ከለምኔ ባነሰ ክብደት ተሰበረ፤ ለምኔ ደግሞ በአባቷ አልወጣችም፣ ነፋስ የሚወስዳት ነው የምትመስለው። አምራቹ እግሩን እንዲያወፍር፣ የቀድሞዎቹም ከገበያ እንዲነሱ ታዘዘ። በዚያው ቀን አስተያየቶቹ በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ተከፈቱ።

ለምኔ ማታ ሽንኩርት እየከተፈች ስልኳን ለአባቷ ሰጠቻቸው። "አባባ፣ እጄ ሥራ ይዟል። ሰዉ ምን እንዳለ እስቲ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ።"

ዋርካው መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። አማቲቱ ላይ ፈገግ አሉ። ርዕሰ መምህሩ ላይ ጮክ ብለው ሳቁ። ባልየው ላይ ሲደርሱ ያ ከሩቅ የሚሰማው ሳቅ ወጣ፤ ለምኔ ቢላዋውን ይዛ ሽንኩርቱን አመካኝታ አለቀሰች። እሳቸው ቀጠሉ፤ ከዚያ "እኔ ያየሁት ሰው ጓደኛዬ ነው" ብለው ጀመሩና ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቀሪውን ለብቻቸው አነበቡት። ደግመውም አነበቡት።

ለምኔ ዞር ብላ አላየችም። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ወንበር ሲሳብ ሰማች። ስትዞር አባቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው፣ ስልኩን ሁለት እጃቸው ውስጥ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

"ይሄ ጅል" አሉ በመጨረሻ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። "ይሄ ክስት ያለ ጅል። በሬ ላይ ደርሶ ይመለሳል!"

ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ወጡ። እሷ ታክሲ ወደምትይዝበት ማዶ ስትሻገር እሳቸው ወደ በረንዳው አመሩ። ፀጉር አስተካካዩ ዳማውን ደርድሮ ብቻውን ቆሟል። ዋርካውን ሲያይ ፎጣው ከትከሻው ወደቀ። ከዚያ ዋርካው በአገጫቸው ወንበሩን አሳዩት፤ ያው ዓይነት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው።

"ይህንን አይተኸዋል?" አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አንስቶ ገለበጠው። አንዱን እግር ዳሰሰ፣ ሁለተኛውን ዳሰሰ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ደግሞ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበትን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸ። ከዚያ በረንዳው ላይ አስተካክሎ አቆመው፣ መጀመሪያ ራሱ ተቀምጦበት ተነሳ።

"አይቼዋለሁ" አለ።

ዋርካው ተቀመጡ። ለምኔ ማዶ ሆና ሳቃቸውን ሰማች፤ ታክሲዋም አለፈቻት።